ስለ መድኃኒት ጥንቃቄና ስለ ማስጠንቀቂያው ድምፅ

በቋንቋችን መድኃኒት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ትርጓሜው የሚያድን ማለት ሲሆን፥ ሰው በጠላቱ እጅ በተመረዘ ጊዜ ደግሞ «መድኃኒት አደረጉበት» እንላለን። አባቶቻችን ለሁለቱ ነገር አንድ ቃል መስጠታቸው ሌላ ቃል አጥተው አይደለም፤ የሚያድነውና የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አንዱ ነገር መሆኑን፥ የሚለየውም ልኩና የሰጪው ጥንቃቄ መሆኑን ስለሚያውቁ ይመስለናል። ኮሶ በየቤቱ ይጠጣ በነበረበት ዘመን እንኳ ልክ ነበረው፤ ከልኩ ያለፈ እንደሚጎዳ፥ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ እንደ ሆነ አስተዋዮቹ ያውቁ ነበር።

ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለ መድኃኒት ልክ ነው። በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታሎች ሁሉ ማለት ይቻላል፥ በአገራችንም በአንዳንዶቹ፥ የሕሙማን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ነው። ይህም መሣሪያ መጻፍና ማስቀመጥ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሐኪሙ የሚያዘውን መድኃኒት እየመረመረ አደጋ ያለበት ሲመስለው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የሚጀምረው ከቤት ነው፤ ቸል ሲባልም ጉዳቱ የሚወድቀው በቤት ላይ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ሊያልፈው የማይገባ ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ምን እንደሚመስል እናስብ። ወደ ሌላው ክፍል የሚገባ በሽተኛ ተራውን ጠብቆ፥ ታሪኩን ተናግሮ፥ ተመዝኖ ይታከማል። ወደ ድንገተኛው ክፍል የሚመጣው ግን ወይ ራሱን ስቶ፥ ወይ ደም እየፈሰሰው፥ ወይ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ነው። ስሙን እንኳ የሚናገርለት ሰው የሌለውም አለ። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ሰው ያያል፤ ትእዛዙን አንዳንድ ጊዜ በአፉ ይሰጣል፤ ነርሷም በጆሮዋ ሰምታ በእጅዋ ትፈጽማለች። ዐሥር የተባለው መቶ ሆኖ የሚሰማው፥ ነጥቡ ከቦታው የሚዛወረው፥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት መድኃኒቶች የሚለዋወጡት በእንዲህ ያለው ጥድፊያ ነው።

ኮምፒዩተሩ በዚህ ጥድፊያ መካከል የማይደክም ጸሐፊ ሆኖ ይቆማል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም በጻፈ ጊዜ መሣሪያው አራት ነገር ይመረምራል። አንደኛ፥ በሽተኛው ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ጎድቶት እንደ ሆነ ያያል። ሁለተኛ፥ አዲሱ መድኃኒት ቀድሞ ከሚወስደው ጋር ይጣላ እንደ ሆነ ያያል፤ ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን ኃይል እንደሚያደክም ለምሳሌ ይበቃል። ሦስተኛ፥ ልኩ ለዕድሜው፥ ለክብደቱና ለኩላሊቱ የተገባ መሆኑን ይመዝናል። አራተኛ፥ አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ታዝዞ እንዳይሆን ይጠብቃል። ከአራቱ አንዱ ቢጓደል በመስኮቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል ጽፎ ሐኪሙን ያቆመዋል።

ይህ አሠራር ጥቅም እንዳለው በምርመራ ተረጋግጧል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የወጣው ጥናት፥ ትእዛዝ በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከባድ የመድኃኒት ስሕተት በ55 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚል ዘመቻ ሲያውጅ፥ የመድኃኒት ስሕተት በዓለም ላይ በየዓመቱ 42 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ወጪ እንደሚያስከትል አስታውቋል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂቶች አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ዳሩ ግን ማስጠንቀቂያ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በራያ ቆላ ማሽላ በሚያፈራበት ወራት በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጅ በላዩ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠብቃል። ጠባቂው ብልህ ሲሆን የሚጮኸው የግሪሳ መንጋ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ባለ እርሻው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ጠባቂው ግን ለአንዲት ወፍም፥ ለነፋስም፥ ለጥላም የሚጮህ እንደ ሆነ፥ ባለ እርሻው በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ይነሣዋል፤ መንጋው በእውነት በመጣ ጊዜም የሚደርስለት የለም። የኮምፒዩተሩም ነገር እንዲሁ ሆኗል። ለጥቂቱም ለብዙውም እኩል ስለሚጮህ ሐኪሞች ድምፁን ለምደው ሳያነቡ ያልፉታል። በ2006 በአውሮፓ አቆጣጠር ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ጽሑፍ፥ ከሚሰጠው የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆነው እንደሚታለፍ ገልጿል። ባለሙያዎቹ ይህን የማስጠንቀቂያ መሰልቸት ይሉታል።

የዚህ መሰልቸት ዋጋ ምን እንደ ሆነ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ታይቷል። ታሪኩን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ዶክተር ሮበርት ዋክተር በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። ተኝቶ የሚታከም አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከኮትሪሞክሳዞል አንድ ኪኒን ብቻ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ሐኪሟ 160 ብላ ስትጽፍ በልቧ 160 ሚሊ ግራም ማለቷ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ 160 ሚሊ ግራም አድርጎ ተቀበለው። ልጁ 38 ኪሎ ከግማሽ ያህል ይመዝን ነበርና ትእዛዙ 38 ኪኒን ከግማሽ ሆነ። መሣሪያው ሐኪሟን አስጠነቀቀ፤ አለፈችው። የመድኃኒት ባለሙያውን አስጠነቀቀ፤ እርሱም አለፈው። ነርሷ የኪኒኑን ብዛት አይታ ተጠራጠረች፤ ነገር ግን የመመርመሪያው መሣሪያ «ልክ ነው» ስላላት ሰጠችው። ልጁ ኪኒኖቹን ሁሉ ዋጠ፤ ከሰዓታት በኋላም ተንፈራገጠ። በእግዚአብሔር ቸርነት ሕይወቱ ተርፏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው የለም፤ እኛ እንድናስተውል የምንሻውም ይህንን ነው። ሁሉም የተማሩ፥ ሁሉም ለልጁ ደኅንነት የቆሙ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበረውን አመነ፤ በመጨረሻም ሁሉም መሣሪያውን አመኑ። የነርሷ ጥርጣሬ ከመሣሪያው ይልቅ እውነተኛ ነበረ፤ ሆኖም የገዛ ልቧን ከመሣሪያው በታች አደረገችው። መሣሪያ ይቈጥራል እንጂ አይደነግጥም፤ ለአንድ ልጅ ሠላሳ ስምንት ኪኒን ሲቀርብ የሚደነግጠው ሰው ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እንመልሰው። የቆቦ ከተማ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ የራያ ቆላ የማሽላና የጤፍ ገበያ ናት። ምድሩ ለም ነው፤ ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ውሃው በየቦታው ሲቋጠር ወባ ይነሣል። ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ መንግሥት በ1940ዎቹ መጨረሻ ግድም የወባ መከላከያ ሙከራ ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የቆቦና የጨርጨር ቆላ ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ከጥር ወር እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል።

የወባ መድኃኒት ደግሞ ልክ የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። ኳርተም በሚል ስም የሚታወቀው ኪኒን የሚሰጠው በክብደት ነው። ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ላልሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ 1 ኪኒን፥ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላ 2፥ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላ 3፥ ከዚያ በላይ ለሆነ 4 ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይሰጣል። እንግዲህ 16 ኪሎ የሆነ ልጅ ሳይመዘን «ዐሥራ አራት ይሆናል» ተብሎ ቢገመት፥ የሚገባውን መድኃኒት በግማሽ ያጣል። ወባ ለጸናበትና ራሱን ለሳተ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ደግሞ፥ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ 3 ሚሊ ግራም፥ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.4 ሚሊ ግራም ነው። ለትልቁ የሚያንሰው ለትንሹ የሚበዛው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፥ የትንንሽ ልጆች ሰውነት መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ ነው።

በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ተመልሶ ለሚነሣው የወባ ዓይነት የሚሰጥ ፕሪማኩዊን የተባለ መድኃኒትም አለ። ይህ መድኃኒት ብዙውን ሰው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ደማቸውን የሚጠብቅ አንድ ነገር ከልደት የጎደላቸው ሰዎች ሲወስዱት የደማቸውን ቀይ ሕዋስ ያፈርሳል። ለነፍሰ ጡርና ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃንም አይሰጥም። የሚወስደው ሰው ሽንቱ እንደ ቡና ቢጠቁር፥ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፥ ወይም ድካም ቢጸናበት፥ መድኃኒቱን አቁሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። አንዲት ሴት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን በማፈር ብትደብቅ ግን፥ በዓለም ላይ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ቢሰበሰብ ሊያስጠነቅቅላት አይችልም፤ ያልተነገረውን አያውቅምና።

የነገራችንም ዋናው ፍሬ ይህ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ዛሬ ሌላ ትርጕም ጨምሯል፤ የሚወስደውን መድኃኒት የደበቀም እንዲሁ ነው። በቤታችን የሚደበቀው ብዙ ነው። ከጎረቤት ተውሶ የተዋጠ የተረፈ ኪኒን ይደበቃል። ከሱቅ የተገዛ የራስ ምታት መድኃኒት «ይህስ ምን ይነገራል» ተብሎ ይታለፋል። ከባሕል ሐኪም የተቀበሉት ሥር ሐኪሙ እንዳይቈጣ ይሸሸጋል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሰው ዓይን ፍራቻ ከልብስ በታች ይቀበራል። ጸበል የጀመረ ሰውም መድኃኒቱን መተዉን አይናገርም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በዘመናቸው ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ መክረዋል። ሐኪም ካህን ባይሆንም የበሽተኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ከእርሱ መደበቅ ራስን ከመጉዳት በቀር የሚያተርፈው የለም።

ሌላም ነገር እንጨምር። የቆቦ ሰው ሕመሙ ሲጸናበት በከተማው ካለው ሆስፒታል ወደ ወልድያ፥ ከዚያም ወደ ደሴ ይላካል። በየደረጃው መርፌ ይወጋል፤ መድኃኒት ይዋጣል። በአንዱ ቦታ የተጻፈው መዝገብ በሌላው ቦታ ካልተነበበ፥ ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ ይመጣል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ኮምፒዩተሩም ይወሰዳል፤ የወረቀት መዝገቡም ይበተናል፤ ሕዝቡም ይሰደዳል። ያን ጊዜ የሚቀረው በሽተኛው በኪሱ የያዘው ወረቀትና የቤተ ሰቡ ትውስታ ብቻ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ትንሽ ደብተር እንዲያዘጋጅ እንመክራለን። በዚያ ደብተር ላይ የእያንዳንዱ የቤቱ ሰው ስም፥ ዕድሜ፥ የመጨረሻው ክብደት፥ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒትና ልኩ፥ ከዚህ ቀደም ሰውነቱን ያሳበጠው ወይም ትንፋሽ ያሳጠረው መድኃኒት ይጻፍ። የዚህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው የመድኃኒቱን ስም በካርድ አስጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። ደብተሩ በሣጥን የሚቈለፍ አይሁን፤ በሌሊት እንኳ የቤቱ ሠራተኛ የምታገኘው ቦታ ይቀመጥ። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ያሉት የተማረ ልጅም፥ ወደ አገር ቤት በሄደ ጊዜ ከሚወስድላቸው ጋቢ ጋር ይህን ደብተር ጽፎ ቢሰጣቸው ትልቅ ስጦታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽተኛና ቤተ ሰቡ የሚጠይቁበትን ጊዜ በአምስት ከፍሎታል፤ ለማስታወስ ቀላል ነውና እንናገረው። መድኃኒት ሲጀመር፥ ስሙ ማን ነው፥ ለምንስ ይሰጣል? ሲወሰድ፥ መቼና ስንት ነው፥ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሌላ ሲጨመር፥ ከቀድሞው ጋር ይስማማል? ሲከለስ፥ ይህ ሁሉ መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋል? ሲቆም፥ መቼ ይቆማል፥ የተረፈውስ ምን ይደረጋል? እነዚህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። በትሕትና «ዶክተር፥ ይህች ልጅ 16 ኪሎ ናት፤ ባለፈው ዓመትም ፔኒሲሊን ሰውነቷን አሳብጧት ነበር» ብላ የምትናገር እናት፥ ከሁሉ የበለጠች ማስጠንቀቂያ ናት። ጥሩ ሐኪምም ያመሰግናታል እንጂ አይቈጣትም።

በሥልጣን ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ደግሞ ጥቂት ቃል አለን። ለሆስፒታል ኮምፒዩተር ገዝቶ ማስመረቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በድንገተኛው ክፍል በር ላይ የሚሠራ ሚዛን ከሌለ ኮምፒዩተሩ የሚመዝነው ግምት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚተካ ኃይል፥ ያም ባይኖር የተዘጋጀ የወረቀት ቅጽ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውም ሲሠራ ለገዳዩ አደጋ ብቻ የሚያቆም፥ ለቀላሉ ዝም የሚል ይሁን፤ የትኛው ገዳይ እንደ ሆነ የሚወስኑትም በዚያው ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች፥ ነርሶችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ይሁኑ። በቆላው አገር የወባ መድኃኒት ልክ ከሁሉ በፊት ሊመጣ ይገባዋል፤ በደጋው ሌላ ይሆን ይሆናል። በሌሊትም ቢሆን ሐኪሙ ያዘዘውን ሁለተኛ ሰው ሳያየው ለሕፃን መርፌ እንዳይሰጥ ማድረግ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የጸና ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉም በላይ ስሕተቱን የተናገረ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ያደረሰውን ጉዳት ባለሙያዎች የሚያመለክቱበት ቢጫ ቅጽ አለው። ቅጹ ግን የሚሞላው አለቃው የማያስፈራ ሲሆን ነው። ስሕተትን የሚሸሽግ ሆስፒታል ያንኑ ስሕተት ነገ ይደግመዋል፤ የሚናገር ግን የሌላውን ልጅ ያድናል። የሳን ፍራንሲስኮው ሆስፒታል ታሪኩ እንዲጻፍ መፍቀዱ አላዋረደውም፤ እንዲያውም ብዙዎችን አስተማረ። ትንሿ ነርስም «ይህ ልክ አይመስለኝም» ለማለት የማትፈራበት ቤት የተባረከ ቤት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። የመድኃኒት ስሕተት የሚጠፋው በቅጠል ሳለ ነው፤ ቅጠሉም አንድ ጥያቄ፥ አንድ ሚዛን፥ አንድ የተጻፈ ወረቀት ነው። መሣሪያው ያስጠንቅቅ፥ እኛም እንስማው፤ ነገር ግን የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ መሆኑን አንርሳ። ክቡራን አንባቢዎቻችን የዛሬውን ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ያን ትንሽ ደብተር ቢጀምሩልን ድካማችን ተከፈለ ማለት ነው። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙም ማስተዋልን ይስጥልን።